ለትሬድ የተቀቀለ ንፍሮ

እትዬ ሸዋረገድ ሳይደውሉ ሰው ቤት አይሄዱም። ነውር ስለሆነ አይደለም፤ ሰው ስለሚያለቅስ ነው።

ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በሚኖሩበት ሕንፃ፣ ከሕንፃውም አልፎ በእድሩ፣ መርዶ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። አገር ቤት ሰው ሲሞት ስልክ የሚደወለው ለሟች ልጅ አይደለም፤ ለእትዬ ሸዋረገድ ነው። እሳቸው ሰው ያሰባስባሉ። ልጁ ከሥራ መቼ እንደሚገባ፣ ራት በልቶ እንደሆነ፣ እንቅልፍ ወስዶት እንደሆነ በዘዴ ያጣራሉ። ከዚያ ሊነጋጋ ሲል ነጠላቸውን ለብሰው፣ ከኋላቸው ሰው አስከትለው በሩን ያንኳኳሉ። ብዙ ጊዜ መናገር እንኳ አያስፈልጋቸውም። በሩ ተከፍቶ እሳቸው ከታዩ መርዶው ደርሷል።

አንድ ቀን በጠዋት ከታች ፎቅ ለምትኖር ሴት የተዋሱትን ድስት ሊመልሱ ሄዱ። ሴትየዋ በሩን ከፍታ አየቻቸውና «እናቴን!» ብላ ምንጣፉ ላይ ተዘረረች። እናትየዋ ደህና ነበሩ። ነገር ግን ይህ እስኪጣራ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ አንዷ የሟችን ደግነት እያነሳች ማልቀስ ጀምራ ነበርና እሷን ዝም ማሰኘቱ ከሁሉም ከበደ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ሸዋረገድ መርዶ ካልያዙ አስቀድመው ይደውላሉ። ሲደውሉም «ሸዋረገድ ነኝ፣ ማንም አልሞተም» ብለው ነው የሚጀምሩት።

ይህን ነገር የያዙት የራሳቸውን መርዶ ከሰሙ በኋላ ነው። እናታቸው ደብረ ሲና ሲያርፉ ዘመድ ሁሉ ሰምቶ፣ እሳቸው ብቻ ሳይሰሙ ፋሲካ አለፈ። እዚህ ያደጉ ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ «እንዴት ይደበቃል?» ይላሉ። እትዬ ሸዋረገድ ግን አልተቆጡም። «እነሱ ዝም ባሉበት ጊዜ ሁሉ እናቴ በሕይወት ነበረች» ይላሉ። «ለፋሲካ ቀሚስ ገዝቼላታለሁ። ደስ እያለኝ ነው የገዛሁት።»

መተዳደሪያቸው ግን ሌላ ነው። አዛውንት በቤታቸው ይጠብቃሉ። ጠዋት ቀዩን ባቡር ይዘው ዲሲ ይገባሉ፣ ወደ ቢጫው ይቀይራሉ፣ ፖቶማክን ተሻግረው አሌክሳንድሪያ ይወርዳሉ። እዚያ ሚስ ኤርማ አሉ።

ሚስ ኤርማ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ጉልበታቸው የደከመ፣ አንደበታቸው ያልደከመ የኖርዝ ካሮላይና ሴት ናቸው። ያሳደጉት የልጅ ልጅ አላቸው፤ ኮርኔል ይባላል። ኮርኔል የከተማው ፉትቦል ቡድን ራኒንግ ባክ ነው። ራኒንግ ባክ ማለት፣ እትዬ ሸዋረገድ ለእድሩ ሰዎች እንዳስረዱት፣ ኳሱን እንደ ሕፃን ታቅፎ የሚሮጥ ሰው ነው፤ የሌሎቹ ሥራ እሱን መጣል ነው። «ለምንድን ነው የሚጥሉት?» ተብለው ሲጠየቁ «እሱን አልጠየቅኋቸውም» ብለዋል።

ጨዋታ ባለበት እሑድ ሁለቱ ሴቶች ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ። ኮርኔል ኳሱን ሲይዝ ሚስ ኤርማ «ዝቅ በል! ዝቅ በል አንተ ልጅ!» ብለው ይጮሃሉ። ሰዎቹ ሲደርሱበት ደግሞ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ተነሳ?» ይላሉ እንደጨፈኑ። እትዬ ሸዋረገድ ላዩ ላይ የወደቁት ሰዎች ክምር እስኪበተን ጠብቀው «ተነሳ» ይላሉ። እንዲህ እያሉ ሦስት ክረምት አሳልፈዋል።

ኮርኔል ቡድን በቀየረ ቁጥር አያቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ወደዚህም ሲመጣ ነው ይህን ወንዝ የሚያሳይ አፓርታማ የገዛላቸው። እትዬ ሸዋረገድ ይህን ያውቃሉ፤ አስበውበት ግን አያውቁም። ከዚህ በፊት የጠበቋቸው አዛውንቶች ሁሉ ከእጃቸው የወጡት በሞት ነው። ሰው በሕይወት እያለም ጥሎ ሊሄድ እንደሚችል በሥራቸው አጋጥሟቸው አያውቅም።

ወሬው የደረሳቸው በጥቅምት መጨረሻ፣ ዓርብ ማታ፣ ሊፍት ውስጥ ነው። ያመጣው ሙሉዓለም ነው። ሙሉዓለም ዲሲ ፓርኪንግ የሚሠራ ጎረቤታቸው ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ ጠባብ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ የስፖርት ሬዲዮ ይሰማል።

«እትዬ ሸዋ፣ የእርስዎን ሰውዬ ትሬድ ሊያደርጉት፣ ለሌላ ቡድን ሊለውጡት ነው አሉ።»

«የቱን ሰውዬ?»

«ኮርኔልን ነዋ! ሬዲዮው ሳምንቱን ሙሉ እሱን ነው የሚያኝከው። አርጅቷል እያሉ ነው።»

«ማን? ኮርኔል? ገና ሠላሳ አንዱ ነው።»

«ለራኒንግ ባክ ሠላሳ አንድ ማለት ጡረታ ነው እትዬ። እንደ ፈረስ ነው የሚቆጥሩላቸው።»

«እና ወዴት ሊሰዱት ነው?»

«ሰሜን። ሐይቅ ዳር ያለ ከተማ። በረዶው እስከ ሚያዝያ አይለቅም ይላሉ።»

ሊፍቱ ፎቃቸው ደርሶ በሩ ቢከፈትም እትዬ ሸዋረገድ አልወረዱም። «ታዲያ ምነው ሽማግሌ ልኮ አይለምናቸውም?»

«ችግሩ እኮ ሽማግሌው ራሱ መሆኑ ነው!»

«አትቀልድ። በማን ነው የሚለውጡት?»

«በማንም። የአራተኛ ዙር ምርጫ ይሰጧቸዋል። ማለት፣ ከኮሌጅ ከሚወጡት ልጆች አንዱን የመውሰድ መብት።»

«የማንን ልጅ?»

«ገና አልታወቀም።»

«ያልታወቀ ልጅ ተቀብለው የሚያውቁትን ሊሰጡ?»

«አዎ።»

«ይህን የሚያደርጉት የተማሩ ሰዎች ናቸው?»

«በጣም የተማሩ ናቸው» አለ ሙሉዓለም። «ማክሰኞ የመጨረሻው ቀን ነው። ማክሰኞ ካለፈ ተረፈ ማለት ነው።»

በማግስቱ እትዬ ሸዋረገድ አሌክሳንድሪያ ሲደርሱ መጀመሪያ ያደረጉት የሪሞቱን ባትሪዎች አውጥተው ቦርሳቸው ውስጥ መክተት ነው። ቀጥለው የቴሌቪዥኑን ገመድ ከኋላው ላላ አደረጉ። ጋዜጣው ከደጃፍ ሲገባ የስፖርቱ ገጽ የለውም ነበር። ሚስ ኤርማ ጋዜጣውን ገልብጠው አዩ።

«ስፖርቱ የታለ?»

«ወረቀት እየቆጠቡ ነው መሰለኝ» አሉ እትዬ ሸዋረገድ።

የቀረው ስልክ ነው። ሚስ ኤርማ ሞባይል አይወዱም፤ አልጋቸው አጠገብ ያለው የቤት ስልክ ነው ስልካቸው። የቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች በዚያ ይደውላሉ፤ ከእነሱ መሃል ደግሞ ወሬ የሚያመልጣት አንዲትም የለች። እትዬ ሸዋረገድ ቁርስ ሰዓት ላይ ገመዱን ከግድግዳው ነቀሉትና ጠቅልለው ከባትሪዎቹ ጋር አኖሩት።

«ስልኩ ሞተ» አሉ ሚስ ኤርማ ከሰዓት በኋላ።

«ካምፓኒው ሰው ይልካል።»

«በዚህ ቤት ሁሉም ነገር ከእኔ ቀድሞ ሊሞት ነው መሰለኝ።»

ደግነቱ በዚያ እሑድ ቡድኑ ዕረፍት ነበረው። ሁለቱ ካርታ ሲጫወቱ ዋሉ። እትዬ ሸዋረገድ በየጨዋታው ተሸነፉ። ሚስ ኤርማ የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ሐኪሙም ድንጋጤ እንዳያገኛቸው ብሏል። ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነው። ወሬ በወሬነቱ አይነገርም። ማክሰኞ ካለፈ የሚነገርም አይኖርም። ካላለፈ ግን እንደ ሥርዓቱ፣ በልተው፣ ተኝተው፣ ሰው አጠገባቸው ሆኖ ይሰማሉ።

ይህን ለእድር ጓደኛቸው ለወይዘሮ ዕንቁ በስልክ አስረዱ። ወይዘሮ ዕንቁ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው።

«አንቺ ሸዋረገድ፣ ሰውየው አልሞተም እኮ። ከተማ ነው የሚቀይረው።»

«ለእሳቸው ምን ልዩነት አለው? እንዲህ ሲጣልባቸው የኖረውን ልጅ እንደ አሮጌ ወንበር አወጡት ሲባሉ ልባቸው አይቆምም?»

«እሺ ልባቸው ይቆም ይሆናል። ግን የደበቅሽው ለእሳቸው ብለሽ ነው?»

«ለማን ብዬ ይሆናል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እሱ ከሄደ እሳቸውም ይሄዳሉ ስትዪ ሰምቼ ነው።»

እትዬ ሸዋረገድ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዞሩ። «ንፍሮ ትቀቅያለሽ አትቀቅዪም?» አሉ።

«ለትሬድ ንፍሮ ይቀቀላል?»

«ስንዴና ሽምብራ ብቻ። ብዙ አታድርጊው።»

ኮርኔል በየሳምንቱ ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ለአያቱ ይደውላል። በዚያ ማክሰኞ ሚስ ኤርማ ስልኩ እንደማይሠራ እያወቁ አጠገቡ ተቀመጡ። እጃቸውን ላዩ ላይ አሳረፉ። እትዬ ሸዋረገድ ኮታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመው አዩአቸው። ገመዱ ቦርሳቸው ውስጥ ነበር። አንድ ጊዜ እጃቸውን ቦርሳው ውስጥ ከተቱ፤ መልሰውም አወጡት። «ደህና ይደሩ ሚስ ኤርማ» አሉ።

«አንቺም ሸዋ። ልጁ ይደውል ይሆናል» አሉ ሚስ ኤርማ፣ ስልኩን እያዩ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያ ሲወርዱ ሙሉዓለም ደወለ።

«አለቀ እትዬ። ሰጡት። አሁን በሬዲዮ ተናገሩ።»

እትዬ ሸዋረገድ ደረጃው መሃል ቆሙ። ሰው በግራና በቀኝ እየገፋቸው አለፈ። «ነገ በጠዋት ሥራ አለህ?» አሉት።

«አለኝ።»

«ፈቃድ ጠይቅ።»

ሊነጋጋ ሲል ሦስቱ በሙሉዓለም ቶዮታ ከተማውን የሚዞረውን ቤልትዌይ ይዘው ወረዱ። ወይዘሮ ዕንቁ ከኋላ ተቀምጠው ድስቱን በነጠላቸው ጠቅልለው ታቅፈዋል። ሙሉዓለም የለቅሶ ጥቁር ኮቱን ለብሷል።

«ለቅሶ አለብኝ ብዬ ነው የቀረሁት» አለ። «ሱፐርቫይዘሬ ‹ማን ሞተ?› ሲለኝ ‹ራኒንግ ባካችን› አልኩት።»

«ምን አለህ?» አሉ ወይዘሮ ዕንቁ።

«እሱም አዝኗል። ሁለት ሰዓት ቆይተህ ግባ አለኝ።»

«ሁለታችሁም እዚያ ስንደርስ አትናገሩም» አሉ እትዬ ሸዋረገድ። «እንገባለን፣ እናስቀምጣቸዋለን፣ ቁርሳቸውን ይቀምሳሉ። ከዚያ እኔ እናገራለሁ።»

የአፓርታማው ቁልፍ ቦርሳቸው ውስጥ ነበር። ግን መርዶ ይዞ በቁልፍ አይገባም፤ አንኳኩ። የሚስ ኤርማ መደገፊያ ወለሉን እየጫረ ሲመጣ ተሰማ። ብዙ ቆየ። በሩ ተከፈተ።

ሚስ ኤርማ የሌሊት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በሻሽ አስረው ቆመዋል። መጀመሪያ እትዬ ሸዋረገድን አዩ፤ ነጠላቸውን አዩ። ከዚያ ድስት የታቀፈች የማያውቋትን ሴት አዩ። ከዚያ እጁን አጣምሮ መሬት መሬት የሚያየውን ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው አዩ። ማንም አልተናገረም፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው።

ሚስ ኤርማ እናት ቀብረዋል፣ ባል ቀብረዋል፣ የኮርኔልን እናት ቀብረዋል። ሰዎች በማለዳ በር ላይ ተሰብስበው ዝም ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግራቸው ሐበሻ አላስፈለጋቸውም። ቴሌቪዥኑ ከጠፋ ሰንብቷል። ስልኩ ዝም ብሏል። ልጁ አልደወለም።

«ኮርኔል» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

እጃቸው ከመደገፊያው ተንሸራተተ። እትዬ ሸዋረገድ ዘለው በብብታቸው ያዟቸው። ከዚያም በሕይወታቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ መርዶውን በር ላይ ቆመው፣ በአንድ ትንፋሽ፣ እየጮሁ ተናገሩ።

«አልሞተም! አልሞተም ሚስ ኤርማ! ትሬድ አድርገውት ነው!»

«ምን?»

«ትሬድ! ወደ ሰሜን! ሐይቅ ዳር!»

«በሕይወት አለ?»

«አለ! ደህና ነው! በአራተኛ ዙር ምርጫ ነው የለወጡት!»

ሚስ ኤርማ በእትዬ ሸዋረገድ ክንድ ላይ እንደተንጠለጠሉ ቀና አሉ። «በአራተኛ?» አሉ። «ልጄን በአራተኛ?» ከዚያም ማልቀስ ጀመሩ። እያለቀሱ ሳቁ። ወይዘሮ ዕንቁም፣ ማን ምን እንደሆነ ባይገባቸውም፣ ለቅሶ ሲሰሙ ስለማይችሉ አብረው አለቀሱ። ሙሉዓለም የጎረቤት በር ሲከፈት አይቶ ሁሉንም ወደ ውስጥ ገፋ።

ሶፋው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ሚስ ኤርማ እጃቸውን ዘረጉ። «ስልክ» አሉ።

ሙሉዓለም ሞባይሉን ሊሰጣቸው ሲል እትዬ ሸዋረገድ ቦርሳቸውን ከፈቱ። የተጠቀለለውን ገመድ አወጡና አልጋው አጠገብ ሄደው ሰኩት። ተመልሰው ሲመጡ ባትሪዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የስፖርቱንም ገጾች አስቀመጡ፤ አጣጥፈው ይዘዋቸው ነበር። ሚስ ኤርማ አንድ በአንድ አዩአቸው። መኝታ ቤት ገብተው ደወሉ።

ድምፃቸው እስከ ሳሎን ይሰማል። ኮርኔል ማታ ሲደውል አድሮ ነበር፤ አሁን መንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው። ሚስ ኤርማ ስልኩን ዘግተው ወጡና እትዬ ሸዋረገድ ፊት ቆሙ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የደበቅሽኝ?»

«ከቅዳሜ።»

«ለምን?»

«እኛ ጋ ሰው ሳይበላና ሳይተኛ ክፉ ወሬ አይነገረውም። ብቻውንም አይነገረውም። ሰው ይሰበሰብለታል፣ መጀመሪያ ይበላል። ከሰማ በኋላ አይበላማ።»

ሚስ ኤርማ በሩን በጣታቸው አመለከቱ። «ልጄን ሞቶ አየሁት» አሉ። «እዚያ በር ላይ። ሬሳውን አየሁት ሸዋ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

ሚስ ኤርማ ይቅርም አላሉ፣ አልተቆጡም። ወደ ድስቱ ዞሩ። «ምንድን ነው እሱ?»

ወይዘሮ ዕንቁ ከፍተው አሳዩአቸው። ሚስ ኤርማ በእጃቸው ዘግነው ቀመሱ። «ጨው የለውም።»

«የለቅሶ ነው» አሉ ወይዘሮ ዕንቁ።

«የሞተ ሰው የለም። ጨው አምጡ።»

ጨው መጣ። ንፍሮውን እየበሉ እያሉ ኮርኔል ገባ። በሩን በትከሻው ሞላው። ሙሉዓለም ተነሥቶ ቆመ፤ ሬዲዮው ለዓመታት ስለዚህ ሰው ሲነግረው ኖሮ አሁን በአካል ሲያየው የሚለው ጠፋውና ከልማድ የተነሳ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠው። «እግዜር ያጽናህ» አለው በአማርኛ።

«አመሰግናለሁ» አለ ኮርኔል። ገብቶት ሳይሆን አይቀርም።

አያቱ ሥር ተንበረከከ። እሳቸው ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ትከሻውን ዳበሱ፣ ክንዱን ዳበሱ፤ ሙሉነቱን የሚያጣሩ ይመስሉ ነበር።

«ሁሉንም አስቤዋለሁ ግራኒ» አለ ኮርኔል። «አንቺ የትም አትሄጂም። እዚያ ብርድ ነው፤ እኔም ምናልባት አንድ ዓመት ነው የምጫወተው። ቤቱ አለ፣ ሚስ ሸዋ አለች። እዚሁ ቆዪ።»

እትዬ ሸዋረገድ ጨው ለመመለስ ወደ ወጥ ቤት እየሄዱ ነበር፤ ይህን ሲሰሙ ቆሙ። ጀርባቸው ለሳሎኑ እንደሆነ የጨው ዕቃውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ወይዘሮ ዕንቁ ከተቀመጡበት አይተዋቸው «ተመስገን» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሚስ ኤርማ የኮርኔልን እጅጌ ይዘው ነበር። ንፍሮ ሲዘግኑ አልለቀቁትም፤ ውሃ ሲጠጡ አልለቀቁትም። ትላንት ቢሆን ኖሮ ምን ይሉት እንደነበር አይታወቅም። ምናልባት «ሂድ፣ ሰው ሁን» ብለው ይሸኙት ነበር፤ በረዶ አይወዱም። ዛሬ ግን ያንን በር ከፍተው ያዩትን አይተዋል፤ ከእንግዲህ ከዓይናቸው ሊያርቁት አይችሉም። «ና ወደ ውስጥ» አሉትና መኝታ ቤት ይዘውት ገቡ። በሩ ተዘጋ። አሁን ድምፃቸው አይሰማም።

ሲወጡ ሚስ ኤርማ ተጣጥበው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው ነበር። ኮርኔል ከኋላቸው ቆመ።

«ሸዋ» አሉ ሚስ ኤርማ። «ነይ እዚህ ተቀመጪ።»

እትዬ ሸዋረገድ መጥተው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ዛሬ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

«ማታ ተኝተሻል?»

«ትንሽ።»

ሚስ ኤርማ በሳህን ንፍሮ ዘግነው አመጡላቸው። መደገፊያቸውን ትተው፣ በሌላው እጃቸው ግድግዳውን እየተደገፉ ነው ያመጡት። ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡላቸው። ከዚያ አጠገባቸው፣ በጣም ተጠግተው ተቀመጡ። ወይዘሮ ዕንቁ ምንም ሳይባሉ ተነሥተው በዚያኛው ጎን ተቀመጡ። ሙሉዓለም ኮቱን ቆለፈና ከሶፋው ኋላ ቆመ። ኮርኔል እጁን የሚያደርግበት ቢያጣ፣ ሙሉዓለምን አይቶ እንደሱ አጣምሮ መሬቱን አየ።

ማንም አልተናገረም።

«ብይ መጀመሪያ» አሉ ሚስ ኤርማ።

እትዬ ሸዋረገድ በቀኝ ያሉትን አዩ፣ በግራ ያሉትን አዩ። ከሳህኑ አንድ ሽምብራ አንሥተው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። በዝግታ አኘኩት። ዋጡት። ሌላ አንድ አነሡ። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አላነሡም፤ የቸኮለባቸውም ሰው አልነበረም።